ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የመጣው ጎርፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዲስ አበባ መሃል ወደ ቀበና ወንዝ በምትገባ አንዲት አነስተኛ ወንዝ ላይ የአሮጌ ድልድይ እድሳት ሲካሄድ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ድልድዩ ሲዘጋ ነዋሪው መሻገሪያ ስለሚያስፈልገው፣ ወርዳቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት የኮንክሪት ቱቦዎች አስቀብሬ፣ በላያቸው ገረጋንቲ አስደልድዬ ጊዜያዊ መተላለፊያ አሠራሁ። ስሌቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሁለቱ ቱቦዎች በሰከንድ 4 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንደሚያሳልፉ፣ ከላይ የሚመጣውም ከዚያ እንደማይበልጥ በወረቀት ላይ አረጋግጬ ነበር።

የሳይቱ ጥበቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለረጅም ጊዜ ድሬዳዋ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ከሲሚንቶ መጋዘናችን አጠገብ ወዳለው ቁጥቋጦ እያመለከቱ፣ «ኢንጂነር፣ ያን ፌስታል አዩት?» አሉኝ። በትከሻዬ ልክ፣ ጭቃ የደረቀበት ፌስታል ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሟል። «ነፋስ አምጥቶት ይሆናል ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። ነፋስ ያመጣው ፌስታል ጭቃ እንደማይለብስ ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እኛ ያለንበት ፀሐይ ነበር፤ የጠቆረው እንጦጦ ብቻ ነው። አስቀድሞ የተሰማው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚወጣው ድምፅ ሲሆን፣ ጥበቃው ፊሽካቸውን ነፍተው ቀን ሠራተኞቹን ከወንዙ ያስወጡት ያኔውኑ ነው። ቀድሞ የደረሰውም ውሃ ከማለት ቆሻሻ ማለት ይቀላል፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከሁሉም በኋላ አንድ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ። ፍራሹ በአንደኛው ቱቦ አፍ ላይ ተጣጥፎ ተወተፈ፤ ቅርንጫፎቹ ሁለተኛውን አጠሩት። መተላለፊያዬ በደቂቃዎች ውስጥ ግድብ ሆነ። የታቆረው ውሃ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ 60 ኩንታል ሲሚንቶ አበላሸ፣ ቀጥሎም ገረጋንቲውን ሰብሮ በአንድ ጊዜ ወረደ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ነገር ግን ከታች እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት የጤፍ ዱቄታቸው በሙሉ ጭቃ ሆነባቸው። ወንዙ እንዲሁ ቢወርድ ኖሮ ያን ያህል ከፍ ባላለ ነበር፤ ያቆረውና የለቀቀባቸው የእኔ ሥራ ነው።

በማግስቱ ከጥበቃው ጋር ሆነን ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ ወጣን። ለስሌቱ የተጠቀምኩበት የቆየ ጥናት አካባቢውን ሣርና ባሕር ዛፍ ያለበት ዳገት ብሎ ስለሚገልጸው፣ ከሚዘንበው ውስጥ ወደ ወንዝ የሚፈሰውን 0.3፣ ማለትም ከመቶ 30 እጅ ብቻ አድርጌ ወስጄ ነበር። በእግራችን ያገኘነው ግን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቁጥሩ 0.8 ሊደርስ ይችላል። በ1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በመጀመሪያው ቁጥር በሰከንድ 4 ሜትር ኩብ ገደማ፣ በሁለተኛው 11 ይሆናል። ያው ዝናብ፣ ያው ዳገት ነው። ከዚህም ሌላ ውሃው አፈር ውስጥ ሳይሰርግና ሣር ሳይዘው ስለሚወርድ የሚደርሰው በጣም ፈጥኖ ነው፤ በመንገዱም ዳርቻው ላይ የተጣለውን ሁሉ ይሰበስባል። ይህን የመጨረሻውን በየትኛውም ቀመሬ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

መንገድ ላይ ጥበቃው ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ነገሩኝ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየውና ሰው የሚገበያይበት ያ ወንዝ፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከባዱ ዝናብ የጣለው ግን ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። አዋሽም ቢሆን በአፋር ቆላ ዳርቻውን አልፎ መንደርና እርሻ የሚያጥለቀልቀው በአብዛኛው ደጋው ላይ በሚዘንበው ዝናብ ነው። እሳቸው ይህን ያወቁት እዚያው ኖረው ሲሆን፣ እኔ ግን ተምሬው ረስቼዋለሁ።

መተላለፊያውን መልሼ አልሠራሁትም። ነዋሪው ክረምቱን ሙሉ ዞሮ እየሄደ ሲያማርር፣ ሰሚዎቹ እኔና ፎርማኑ ነበርን። መጋዘኑን ከፌስታሉ በላይ አወጣነው። ጥበቃው ደግሞ ከላይ ካለ አንድ ጋራዥ ጥበቃ ጋር ስልክ ተለዋወጡ፤ እዚያ ከባድ ዝናብ ሲጀምር ይደውልላቸዋል። መጀመሪያ በተደወለ ዕለት ሠራተኛውን አስወጥቼ ሰዓቴን ያዝኩ። ውሃው የደረሰው በ22ኛው ደቂቃ ነው። ጥበቃው ሰዓት አላዩም፤ ወንበራቸውን አንስተው ወደ ላይ እየወጡ ነበር።