120 ሚሊዮኔ ቁጭ ብሎ አለቀ፦ ከኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ገበያ የተማርኩት

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን የጀመርኩት በኮሮና ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ቤት በተቀመጥንበት ሰሞን። ጃጌክስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው የኦንላይን ጌም ነው። በነፃ መጫወት ይቻላል፤ ሙሉው ዓለም የሚከፈተው ግን ለአባል ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በባንክ ካርድ ውጭ አገር መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የሞከረው ያውቀዋል።

መውጫው ቦንድ የሚባለው የአባልነት ቲኬት ነው። ውጭ ያለ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ ቦንድ ይገዛና ጌሙ ውስጥ ገበያ ላይ ያወጣዋል። እኔ ደግሞ በጌሙ ሳንቲም እገዛዋለሁ። አንዱ 14 ቀን ያጫውታል፤ ለዓመት 26 ያስፈልጋል። ለኔ ቦንድ ማለት የቤት ኪራይ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 ሥራ በዝቶብኝ ጌሙን ሳቆም እዚያው ጌሙ ውስጥ ባለው ባንኬ 120 ሚሊዮን ሳንቲም ነበረኝ። ያኔ ቦንድ ከ5 ሚሊዮን በታች ነው። የዓመት ኪራዬ ተቀምጧል ብዬ ተረጋግቼ ወጣሁ። በ2024 ስመለስ የአንዱ ዋጋ ከ10 ሚሊዮን አልፏል። ከሳንቲሜ አንድም አልጎደለም፤ 120 ሚሊዮኑ እንደተውኩት ነው። የሚገዛልኝ ግን የግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም። በጣም አዘንኩ። ስንት ሌሊት የተለፋበት ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ የወቀስኩት ቦቶቹን፣ በሰው ምትክ የሚጫወቱትን ፕሮግራሞች ነበር። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ አብሮኝ ይጫወታል፤ በስልክ ሳማርርለት ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “አንተ ሌሊቱን ምን ስትሠራ ነው የምታድረው?” አለኝ።

“አልክ ሳደርግ።”

“ታዲያ ብሩን የምታትመው አንተ አይደለህ እንዴ?”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። አልክ የምንለው ሃይ አልኬሚ፣ የማጂክ ችሎታ ደረጃ 55 ሲደርስ የሚገኝ አስማት ነው። ዕቃው ይጠፋል፣ በምትኩ ሳንቲም ይመጣል። እኔ የማደርገው ማጂክ ሎንግቦው በሚባለው ቀስት ነበር። የእሳት በትሬን ይዤ፣ በአንድ ቀስት አንድ ኔቸር ሩን የሚባል የአስማት ድንጋይ አቃጥላለሁ፤ 1,536 ሳንቲም ይሰጠኛል። 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰዓት 1,200 ቀስት ማለት ነው። ሲባዛ 1,843,200 ሳንቲም ይመጣል።

ከዚህ ውስጥ ለኔ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ቀስቶቹን የገዛሁት በገንዘቤ ነዋ። ግን ለሻጩ የከፈልኩት ሳንቲም አልጠፋም፤ እጅ ነው የቀየረው። ከአስማቱ የወጣው 1.8 ሚሊዮን ግን ከአንድ ሰዓት በፊት የትም አልነበረም። እኔ በአንድ ሰዓት ይህን ካደረግኩ፣ እንደኔ የሚያድረው ሁሉ ሲደመር ምን ያህል ነው? ጭራቆቹ ሲሞቱ የሚጥሉት ሳንቲም ገና አልተቆጠረም።

የገባው ሳንቲም መውጫ ያስፈልገዋል። ግራንድ ኤክስቼንጅ በሚባለው የጌሙ ገበያ ላይ በታኅሣሥ 2021 የ1% ታክስ የተጣለው ለዚህ ነው፤ በ2025 ወደ 2% አደገ። ስመለስ ታክሱን አይቼ ተናድጄ ነበር። አሁን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት ባይ ነኝ።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር አለ። ሳንቲም ዋጋ ካጣ ዕቃ ይሻላል ብዬ መሣሪያ ገዛሁ፤ ከነሱ አንዱ አቢሳል ዊፕ የሚባለው ጅራፍ ነበር። የቦንድ ዋጋ ሲወጣ የሱም ይወጣል ብዬ ነው። ወረደ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ዊፕ አያልቅም፣ አያረጅም። የገዛው ሰው ለዓመታት ይጠቀምበታል፤ በዚያ ላይ በየቀኑ አዲስ ከጭራቅ ይወድቃል። ስለዚህ ይበዛል፣ ይረክሳል። ኩባንያው ከታክሱ የተወሰነውን ይዞ መሣሪያ ከገበያ እየገዛ የሚያጠፋው ለዚህ ነው። ሳንቲሙም ዕቃውም አብረው ሲበዙ፣ “ግሽበት” የሚለው አንድ ቃል ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው፣ “ይህ ነገር ያልቃል ወይ?” ብዬ ነው።

ቦንድ ያልቃል። ሰው ተጠቅሞበት ይጠፋል። ስለዚህ አሁን ሳንቲም አላከማችም፤ የአንድ ቦንድ ዋጋ እንደሞላልኝ ወዲያው እገዛና ባንኬ አስቀምጠዋለሁ። አንዴ ከገበያ ከገዛሁት መልሼ ለመሸጥ የዋጋውን 10% መክፈል አለብኝ። ይህ ለኔ ጥሩ ሆነልኝ፤ ዋጋው ወጣ ባለ ቁጥር ልሽጠው የሚል ሐሳብ አይመጣብኝም። በእጄ የማስቀረው ለምግብና ለሩን የሚሆነኝን ብቻ ነው።

ትናንት ማታ ባንኬን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሳንቲሙ 3 ሚሊዮን አይሞላም። ቦንዱ 9 ነው፤ የ126 ቀን ኪራይ ተከፍሏል።