«እኛ ጋ አሜሪካ» ማለት ቀርቷል

ከቨርጂኒያ ለአንድ ዓመት መጥቼ እህቴ ጋ አርፌያለሁ። ቤቷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። ከብሎኩ ሥር፣ በዳቦ ቤትና በፀጉር ቤት መሃል፣ አንዲት ጠባብ ቴኳንዶ ማሠልጠኛ አለች። ሃምሳን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ተማሪ ነው። ማስተር፣ ማለትም አሠልጣኛችን፣ ራሱ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ደጅ ስንገናኝ «ጋሼ» ይለኛል። ውስጥ ስንገባ ግን ጎንበስ ብዬ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።

ጳጉሜ ላይ ወረቀት አደለን። በአዲሱ ዓመት ከአመላችሁ የትኛውን እንደምትገሩ ጻፉ አለን። ግማሹ ልጅ «ጥቁር ቀበቶ» ብሎ ጻፈ። ማስተር ሳቀና ወረቀቱን መለሰላቸው።

«ቀበቶ የምሰጠው እኔ ነኝ። በእጃችሁ ያለውን ጻፉ።»

ይቺን ወደድኳት። አሜሪካ በየጃንዋሪው የማቅደው ሁሉ በሰው እጅ ያለ ነበር። የደመወዝ ጭማሪ፣ የባንክ ብድር፣ የአለቃ ፈቃድ። ጂሙማ ወር በመጣ ቁጥር ከካርዴ ይቆርጣል እንጂ መልኬንም አያውቀው።

ግድግዳው ላይ አምስቱ የቴኳንዶ መርሆዎች ተለጥፈዋል፦ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ለእኔ ሰፉብኝ። «ታጋሽ እሆናለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ማታ ራሱን ምን ብሎ ይጠይቃል? እኔ የፈለግኩት «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ነገር ነው።

የመጀመሪያውን የመረጠችልኝ እህቴ ናት። «እኛ ጋ አሜሪካ እያልክ ወሬ አትጀምር» አለችኝ። ቀላል ይመስላል አይደል? መብራት ሲጠፋ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። ባጃጅ ስንጠብቅ፣ ሰልፍ ሲገፋ፣ አስፋልቱ በጭቃ ሲሸፈን ትመጣለች። ቃሏን ውጬ ዝም ስል እህቴ ገብቷት ትስቃለች። ለካ ወሬዬ ሁሉ በዚያች ቃል ነበር የሚጀምረው!

ሁለተኛዋን ያገኘኋት «ቾን ጂ» ላይ ነው። የጀማሪ ፓተርን ናት፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ልምምድ፤ 19 እንቅስቃሴ አላት። ሕጉ በጀመርክበት ቦታ ላይ መጨረስ ነው። ማስተር በጠመኔ መሬቱ ላይ ምልክት ያደርግልኛል። እኔ ሁሌ የምጨርሰው ወደ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ጠጋ ብዬ ነው። ምክንያቱን እሱ አሳየኝ፤ ሲደክመኝ እርምጃዬ ያጥራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የቆላ ትንፋሽ ይዤ መጥቼ መሃል ላይ ያልቅብኛል። እና ጻፍኩ፦ ሲደክመኝ ቆሜ እተነፍሳለሁ፣ እርምጃ አላሳጥርም። ልጆቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ይጠብቁ፣ ምን አለበት።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ሥልጠናው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ጓደኞቼ ከሥራ ወጥተው መኪና ውስጥ ሆነው የሚደውሉልኝ ልክ ያኔ ነው። እስካሁን ቁርስ ሳልበላ የእነሱን የኪራይና የኢንሹራንስ ጣጣ ሰምቼ እጨርስ ነበር። አሁን ስልኩ እህቴ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ደውላችሁ ባላነሳ አትቀየሙኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥልጠና ስወጣ እኔው እደውላለሁ። ያኔ የተኛ ካለ በማግስቱ ይደርሰዋል።