«ጥገኛዋ»

እናቴ አዲስ አበባ እያለች በየወሩ 300 ዶላር እልክላት ነበር። ኪራይዋ፣ መድኃኒቷ፣ የበዓል ዶሮዋ ከእኔ ነው። ታክስ የሚሠራልን ሐበሻ ጋ ሄጄ የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። አላየውም እንኳ።

«እናትህ የት ነው የሚኖሩት?»

«አዲስ አበባ።»

«ግሪን ካርድ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው አይሆንም።» ዜጋ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ካልሆኑ ዲፔንደንት፣ ማለትም ወጪውን የምችልለት ቤተሰቤ ብለህ ታክስህ ላይ ማስገባት አትችልም፤ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ የሚኖር ከሆነ ግን ይቻላል አለኝ። ምነው እናቴ ሜክሲኮ፣ ቲጁዋና በኖረች አልኩ በሆዴ።

በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ግሪን ካርዷ ደርሶ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔው ቤት ገባች። የ2024ን ታክስ ልሠራ ስሄድ ነገሩ ተቀይሯል። ለዚያ ዓመት የራሷ ገቢ ከ5,050 ዶላር በታች መሆን ነበረበት፤ እሷ ጭራሽ ገቢ የላትም። ሁለተኛው ግን ከወጪዋ ከግማሽ በላዩን እኔ መሸፈኔ ነው። ሰውየው ብዕሩን አንስቶ የእናቴን ኑሮ ይተምን ጀመር። የምትተኛበት ክፍል ቢከራይ ስንት ያወጣል? ምግብስ? ጥርስ ሐኪም? «በርበሬውንም ልቁጠረው?» አልኩት። ሳቀ።

በእሷ ምክንያት ከታክሴ ላይ የሚቀነስልኝ 500 ዶላር ብዙም አላስደነቀኝም። ትልቁ ነገር ላጤ መሆኔ ነው። በእሷ ምክንያት «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ»፣ ማለትም የቤት ኃላፊ ሆኜ ስሞላ፣ ታክስ የማይነካው ገቢዬ ከ14,600 ወደ 21,900 ዶላር ከፍ አለ።

ደስታዬ አልቆየም። በኮምፒውተር የላክነው ፋይል ተመለሰ። የእናቴ ሶሻል (የመታወቂያ) ቁጥር በሌላ ሰው ታክስ ላይ ቀድሞ ገብቷል ይላል። ማን አስገባው? ዴንቨር ያለው ታናሽ ወንድሜ!

«እኔም በወር 200 ዶላር እሰጣታለሁ እኮ። አንተ ብቻ ነህ እንዴ ልጇ?» አለኝ በስልክ።

እውነቱን ነው፤ ግን አንድ ሰው በአንድ ዓመት የሁለት ሰው ዲፔንደንት አይሆንም። ማናችንም ለብቻችን ግማሹን ባናልፍ፣ ከአሥር በመቶ በላይ ያዋጣን ሰዎች ተስማምተን፣ ፎርም 2120 ሞልተን በየዓመቱ ልንፈራረቅ እንችል ነበር። የእኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ቤቱም ቀለቡም እኔ ጋ ነው።

እናቴ ከኩሽና ሰምታናለች። «በምንድነው የምትጨቃጨቁት?» አለች። «ዲፔንደንት»ን በአማርኛ ላስረዳት ስል «ጥገኛ» የሚለው ቃል አመለጠኝ።

ማማሰያውን አስቀመጠች። «ጉልት ተቀምጬ ሽንኩርት ሸጬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ ጥገኛ?» ሽሮውን እሳት ላይ ትታ ክፍሏ ገባች። ወንድሜ ስልኩ ላይ ሆኖ ሰማ። «እኔ የኔን አስተካክላለሁ፤ አንተ እሷን አስታርቅ» ብሎ ዘጋው።

እሱ 1040-ኤክስ ሞልቶ አረመ። እኔም የኔን በወረቀት አትሜ በፖስታ ላክሁ። እናቴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲኒውን እያቀበለች፣ «ጠጡ እንጂ፣ ጥገኛዋ ናት ያፈላችው» ትላለች።