የ2018ን ሂሳብ ዘግቶ 2019ን ማቀድ፦ የሀበሻ ልብስ በቴሌግራም ለምትሸጡ

የዓመቱን ሂሳብ ለመዝጋት ጳጉሜን አትጠብቁ። ያን ጊዜ ስልኩ አያርፍም። «ቀሚሴ ዛሬ ካልደረሰ አልፈልግም» የሚል መልእክት በላይ በላዩ ይገባል፣ ሰፊው ጋ ወረፋ ነው፣ ሞተረኛ አይገኝም። ሰኔ 30 ዝጉት። የግብር ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ አንዴ የሠራችሁት ሂሳብ ለሁለት ጉዳይ ይሆናችኋል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሐምሌ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ሸማ የሚታዘዝበት ወር ነው። ምን እንደተሸጠና ምን እንደተረፈ ሳታውቁ ሽሮ ሜዳ ከወጣችሁ፣ አምና ያልሄደላችሁን ጥለት በዘንድሮ ዋጋ ደግማችሁ ትገዛላችሁ።

ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚጀምረው ከባንክ ነው። ዓመቱን ሙሉ የገባውን ይደምርና «ይህን ያህል ሸጥኩ» ይላል። ይህ ቁጥር ብዙም አይጠቅምም፤ የአብዛኛው ሻጭ አካውንት የግሉም የሱቁም ነውና። የደረሰ እቁብ፣ እህት ከውጭ የላከችው፣ የተመለሰ ብድር፣ ሁሉም እዚያው ተቀላቅሏል። መነሻው ትእዛዙ መሆን አለበት፤ ለአንድ ትእዛዝ አንድ መስመር። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ የታዘዘበትን ቀን፣ የደረሰበትን ቀን፣ የልብሱን ኮድ፣ የሸማውን ዋጋ፣ የስፌቱንና የጥልፉን፣ የማሸጊያውን፣ የማድረሻውን (ማን እንደከፈለው ጭምር)፣ የተሸጠበትን ዋጋ ጻፉ። መጨረሻ ላይ ትእዛዙ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ዓምድ ይኑር፦ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ ለማስተካከል ሄደ፣ ተሰረዘ። ለእኔ ከሁሉም ዓምዶች የሚበልጠው ይኼኛው ነው።

ዓመቱን ሙሉ ያልመዘገበ ሰውም አልረፈደበትም፤ መዝገቡ ቴሌግራም ውስጥ ተቀምጧል። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ጫኑና ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያ ኤክስፖርት ቴሌግራም ዳታ ግቡ። የግል ቻቶችንና ፎቶዎችን ምረጡ፤ ቪዲዮውን ተዉት፣ ፋይሉን ያለ ጥቅም ያገዝፈዋል። ፎቶው የግድ ነው፤ የክፍያ ስክሪንሾቱም የልክ ፎቶውም እዚያ አለ። የመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቁ ለደኅንነት ብሎ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ስለሚችል ሥራውን ልትጀምሩ ካሰባችሁበት ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የባንኩንና የቴሌብሩን ዝርዝር አውጥታችሁ ከትእዛዞቹ ጋር አንድ በአንድ አገናኙ። በንግድ ባንክ የተላከ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር ፈልጉ፤ ስምና የገንዘብ መጠን ብቻ ማየት አይበቃም፤ በበዓል ሰሞን በአንድ ቀን አምስት ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ ሊልክ ይችላል። ትእዛዝ የሌለው ገንዘብ የሱቁ ገንዘብ አይደለም፤ ለዩት። ገንዘብ የሌለው ትእዛዝ ደግሞ ወይ በጥሬ የተከፈለ ነው፣ ወይ ጭራሹኑ ያልተከፈለ ነው። የተቀነባበረ ስክሪንሾት ተልኮላችሁ ዕቃ ወጥቶ ከሆነ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። ለ2019 ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ገንዘቡ በራሳችሁ የባንክ መተግበሪያ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ቀሚስ ለሞተረኛ አይሰጥም። የደንበኛው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የአጭር መልእክቱም ላኪ ተራ የሞባይል ቁጥር ከሆነ ባንኩ የላከው አይደለም።

አሁን ወደ ትርፉ። ለምሳሌ 6,500 ብር የተሸጠ ቀሚስ እንውሰድ። ሸማው 3,200፣ ስፌቱ 900፣ ማሸጊያው 80፣ ማድረሻው 250፣ ማስታወቂያው ለአንድ ቀሚስ ሲካፈል 150 ቢሆን ወጪው 4,580 ይሆናል፤ በእጅ የቀረው 1,920። እዚህ ላይ ቆሞ «30 በመቶ አተረፍኩ» ማለት ስህተት ነው፤ ገና ሁለት ነገር አልተቀነሰም።

አንደኛው መተኪያ ዋጋ ነው። ሸማኔው ያንኑ ጥለት ዛሬ 3,900 ቢላችሁ፣ ከ1,920ው ውስጥ 700ው ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት ይሄዳል፤ የቀረው 1,220 ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ይህን ሳያሰሉ መሸጥ አይቻልም። ሸማው እዚሁ ቢሠራም ከውጭ የሚገባው ክር፣ ዚፑ፣ ገበሩ፣ የጥልፍ ማሽኑ መለዋወጫ ሁሉ ከዶላር ጋር ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሱቅ በወረቀት እያተረፈ መደርደሪያው የሚራቆተው ለዚህ ነው፤ መስከረም ላይ 40 ቀሚስ የነበረው በዚያው ገንዘብ ሰኔ ላይ 28 ብቻ ይገዛል። ስለዚህ ዋጋ ስታወጡ የገዛችሁበትን ሳይሆን ነገ የምትገዙበትን መነሻ አድርጉ። በየሁለት ወሩም ለሁለት ሦስት ሸማኔዎች ደውላችሁ የዋጋ ዓምዱን አድሱ።

ሁለተኛው የራሳችሁ ድካም ነው። ልክ የምትቀበሉት፣ ፎቶ የምታነሱት፣ ሌሊት ለመልእክት የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ሥራ ሰው ብትቀጥሩ የምትከፍሉትን ያህል በየወሩ ከሱቁ አካውንት ወደ ግላችሁ አዛውሩ። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ ትርፍ እሱ ነው። ሁለቱ አካውንቶች እስካልተለያዩ ድረስ ግን ይህ አይሠራም፤ ሐምሌ 1 ለሱቁ ብቻ የሚሆን አካውንት ክፈቱ።

ቆጠራውን በስልክ ካለው ዝርዝር አትሥሩት፤ ልብሱን እያንዳንዱን አውጥታችሁ ዘርግታችሁ ቁጠሩ። መስኮት አጠገብ ይዛችሁ እጥፋቱን እዩ። ነጭ ሸማ በፌስታል ታስሮ ወራት ከከረመ እጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር ያወጣል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ከገባበት ደግሞ የሻጋታ ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልብስ ቆጠራ ውስጥ በሙሉ ዋጋው ሊገባ አይችልም። የተረፈውን ደህናውን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉ፣ ስታስቀምጡም እጥፋቱን እየቀያየራችሁ አጣጥፉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልብስ ስንት ወር እንደቆየ ጻፉ። ስድስት ወር ያለፈውን በመተኪያ ዋጋውም ቢሆን አውጡት፤ ወይ ጥለቱን አስፈትታችሁ ለሕፃናት ቀሚስ አድርጉት። አንድ ዓመት ተሰቅሎ የከረመ 4,000 ብር፣ አራት በዓል ሊገለበጥ የሚችል ገንዘብ ነበር።

ተመልሰው የመጡትንና ለማስተካከል የሄዱትን መስመሮች ለብቻ አውጡና ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን ጻፉ። አብዛኛው ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ሚዲየም ነኝ» የሚል መልስ ለሀበሻ ቀሚስ ልክ አይደለም። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ሁሉም በሜትር ተለክቶ፣ ቁመቱም የምትጫማው ጫማ ተደርጎ ይምጣ። ሰፊው በሁለቱ ጎን ስፌት ውስጥ 3 ሴንቲሜትር፣ ከታች ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ትርፍ እንዲተው አድርጉ፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራልና። ሁለተኛው ምክንያት ቀለም ነው። በአምፖል ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ነጩ ክሬም ይመስላል፣ የጥለቱም ቀለም ይለወጣል። ጠዋት ከመስኮት በሚገባ ብርሃን አንሱ፣ ፊልተር አትጠቀሙ፣ የጥለቱንም የቅርብ ፎቶ ጨምሩ። በልክ ለሚሠራ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ቀብድ ይከፈል፤ ሸማው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ቀብዱ እንደማይመለስም ልክ ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ይነገር።

ለ2019 ሲታቀድ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት የቀን መቁጠሪያው ነው። ወርን ከወር ማወዳደር እዚህ ሥራ ላይ ያሳስታል፤ ገበያው የሚሄደው በበዓልና በጾም እንጂ በወር አይደለም። በ2018 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነበር፤ ስለዚህ የፋሲካ ሽያጭ በሙሉ መጋቢት ላይ ተከምሮ ይታያል። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። «አምና መጋቢት ጥሩ ነበር» ብሎ ያቀደ ሰው ማስታወቂያውን ገዢ ሳይመጣ ይጨርሳል፤ ሚያዝያ ላይ ገበያው ሲደርስ ደግሞ እጁ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከታዘዘበት ቀን አጠገብ «ለበዓሉ ስንት ቀን ሲቀረው» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ትእዛዝ ከስንት ቀን በፊት መግባት እንደሚጀምርና መቼ እንደሚበረታ ከዚያ ትረዳላችሁ፤ ያው ርቀት በአዲሱ ቀን ላይ ይሠራል።

ከፋሲካ ወደ ኋላ እንቁጠር። በዓሉ ሚያዝያ 24 ከሆነ ልብሱ ደንበኛው እጅ ሚያዝያ 20 ይግባ። ሰፊው 10 ቀን ቢፈልግ ሸማው ሚያዝያ 10 ይደርሳል። ሸማኔው ሦስት ሳምንት ቢፈልግ ክሩ መጋቢት 19 ሸማኔው እጅ መሆን አለበት። ለመዘግየት አንድ ሳምንት ጨምሩበት፤ መጋቢት 12 ይሆናል። እንግዲህ በልክ የሚሠራ ትእዛዝ የምትዘጉት መጋቢት 10 ነው፤ ከዚያ በኋላ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ብቻ ሽጡ። መዝጊያውን ቀን ቻናሉ ላይ ከላይ ፒን አድርጉት። ቀን አልፎ የሚለምን ደንበኛ አይጠፋም፤ እሱን እምቢ ማለት የሌሎቹን አሥር ቀሚስ ማዳን ነው።

ሠርጉም በዚሁ ይንቀሳቀሳል። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ስለገባ ከጥምቀት በኋላ የነበረው የሠርግ ጊዜ አጭር ነበር። በ2019 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ 20 ቀን ተጨመረ ማለት ነው። የሚዜ ልብስ በብዛት የምትሠሩ ከሆነ የዓመቱ ትልቁ ዕድላችሁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስድስት ሚዜ ማለት ከአንድ ጥቅል ክር የወጣ አንድ ዓይነት ጥለት ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ ከታዘዘ ቀለሙ አንድ አይመጣም። ለጥርና ለየካቲት የሚሆነውን ክር ኅዳር ላይ በአንዴ ግዙ። መስከረም ላይ ደግሞ ከጋሞ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ለመስቀል አገራቸው እንደሚገቡ አትርሱ። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ሥራ እንዳትቀበሉ፣ ወይም ሸማውን ቀድማችሁ ያዙ።

ወደ ውጭ የምትልኩ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አሜሪካ ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር፤ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ወዲህ ያ ቀርቷል። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ዋጋ ስትነግሩ አብራችሁ ንገሩ፤ አለበለዚያ ደንበኛዋ በሯ ላይ ገንዘብ ስትጠየቅ ዕቃውን አልቀበልም ትላለች። ሌላው ካርቶኑ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ በዚያ ያስከፍላሉ። 1.5 ኪሎ የሚመዝን ቀሚስ 40 በ30 በ15 ካርቶን ውስጥ ከገባ 3.6 ኪሎ ይታሰባል። ያው ቀሚስ ተጣጥፎ 40 በ30 በ6 በሆነ ጠፍጣፋ ከረጢት ከገባ 1.44 ስለሚሆን የሚከፈለው በራሱ ክብደት ነው። ዓመቱን ሙሉ የላካችኋቸውን ደረሰኞች አውጥታችሁ ልዩነቱን ደምሩት።

የንግድ ፈቃድ ያላችሁ ያለ ቅጣት የምታድሱበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ገናም ነው፣ ወረፋም ነው። ሐምሌ ላይ፣ የሸማ ትእዛዙን ሰጥታችሁ ሸማኔውን በምትጠብቁበት ሳምንት ጨርሱት።