አሥራ ዘጠኝ ላይ የቆመው ፊልም

እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማታ

ፊልሙ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። ከላይ በልብስ መቆንጠጫ ይዤዋለሁ፤ ከታች እንዳይጠቀለል ሌላ መቆንጠጫ አንጠልጥዬበታለሁ። አቧራ እንዳይነሳ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ፤ ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጠዋት ቁም ሳጥኑን ሳስተካክል የጋሼን ካሜራ አወጣሁት። የት እንዳለ ጠፍቶኝ አያውቅም። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ እኔው በሹራብ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ቦታ ነው ያለው፤ ላየው ስላልፈለግሁ ነው እንጂ። ቆጣሪው 19 ላይ ቆሟል። ጀርባው ላይ ባለችው ማስታወሻ ማቆያ የሰካኋት የካርቶን ቁራጭም አለች፦ ኢልፎርድ ኤችፒ5፣ 400፣ ባለ 36፤ የፊልሙ ስም፣ ለብርሃን ያለው ፍጥነትና የፎቶው ብዛት ማለት ነው። የፊልም መጎተቻዋ ዘንግ ግን ወደ ውጭ እንደወጣች ነው የከረመችው። እሷን ሳይ ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ኒኮን ኤፍኢ የያዘ ሰው ይህቺን ዘንግ ያውቃታል። ፊልሙን ወደሚቀጥለው ቁጥር የምትጎትተው እሷ ናት፤ ማብሪያና ማጥፊያውም እሷው ናት። 30 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ስትሳብ የብርሃን መለኪያው ይነቃል፣ የፎቶ ማንሻ ቁልፉም ይፈታል። ወደ ውስጥ ስትገፋ መለኪያው ይተኛል። እኔ ያን ቀን ሳልገፋት ነው ያስቀመጥኩት። ሃያ ወር ሙሉ መለኪያው ሹራብ ውስጥ ሆኖ ጨለማ ሲለካ ከርሞ ባትሪዎቹን ጨርሷል። የሥሩን ክዳን በሳንቲም ፈትቼ ሁለቱን የሰዓት ባትሪዎች ሳወጣ አንደኛው ዙሪያውን ነጭ ዱቄት አውጥቷል። በሎሚ ጭማቂ በነከርኩት ጥጥ ቀስ እያልኩ ጠረግሁት፤ ብረቱ ከሥር ሳይበላ ብቅ ሲል ምስጋናዬን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ካሜራው የእኔ ከመሆኑ በፊት የጋሼ ነበር። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በደርግ ጊዜ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እየዋሉ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ያነሱ ነበር። መጀመሪያ የያዙት ዘኒት-ኢ ነው። የእሱ መለኪያ ከሌንሱ በላይ ግንባሩ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በሌንሱ የሚያልፈውን ብርሃን አያይም፤ ቁጥሩን አንብቦ፣ ቀለበቱን አዙሮ፣ መልሶ በእጅ ማስተካከል ነው። «እስከዚያ ሙሽራዋ አልፋ ሄዳለች» ይላሉ ጋሼ። ኤፍኢውን ከውጭ ከተመለሰ ጓደኛቸው በሁለት ጊዜ ክፍያ ገዙት። ባለቤታቸው አንድ ወር ሙሉ እንዳኮረፉ እስካሁን በቤተሰቡ ይወራል።

ኤፍኢ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ በ1983 ለኤፍኢ2 ቦታውን የለቀቀ ካሜራ ነው። ባለሙያዎች ይዘውት ከሚዞሩት ከኤፍ2 ዝቅ፣ ከጀማሪ ካሜራ ደግሞ ከፍ ይላል። ባዶውን 590 ግራም ይመዝናል። ጋሼ «መካከለኛ» ሲባልባቸው ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ቃሉን እወደዋለሁ፣ ጠባዩ እሱ ነውና። ሁሉንም ለሰው ትቶ አይቀመጥም፣ ሁሉንም ከሰው እጅ አይነጥቅም።

ጠባዩ የሚታየው በማያው ቀዳዳ ውስጥ ነው። በግራ በኩል ከ1000 (የሰከንድ አንድ ሺኛ ማለት ነው) እስከ 8 ሰከንድ የፍጥነት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ቁጥሮቹ ላይ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። ጥቁሯ ብርሃኑ የሚፈልገውን ፍጥነት ትናገራለች፣ አረንጓዴዋ እኔ የመረጥኩትን። ሁለቱን ካገጣጠምኳቸው ተስማምተናል ማለት ነው፤ ካልፈለግሁ አላገጣጥማቸውም። መደወያውን አውቶ ላይ ካደረግሁት አረንጓዴዋ ወደ ዳር ሄዳ ትቀመጣለች፣ ፍጥነቱን ካሜራው ራሱ ይመርጣል። ያኔም ቢሆን ጥቁሯ መርፌ ምን እንደመረጠ ታሳየኛለች። ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድ መርፌዋ ቀስ ብላ ስትወርድ ማየት እስከ ዛሬ ልቤን ይነካዋል። ብርሃን እንደሚተነፍስ ያወቅሁት በእሷ ነው።

ግን መርፌዋ ትሳሳታለች፤ አሳሳቷንም ማወቅ የባለቤቱ ሥራ ነው። ጋሼ ይህን ያስተማሩኝ በነጠላ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ክብደቱን 60 በመቶ የሚሰጠው መሀል ላይ ላለችው 12 ሚሊሜትር ክብ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፊቱ ሲቆሙ ክቧን የሚሞላት ነጠላው ነው። መለኪያው «ብርሃን በዛ» ይልና ይቆጥባል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ይጠቁራል። የመጀመሪያው ፊልሜ ላይ የጥምቀት ሰው ሁሉ ፊት አልነበረውም። አለቀስኩ። ጋሼ ፊልሙን መስኮት ላይ አንስተው አዩትና «ነጠላውን አታስለኪው ልጄ፣ ፊቱን አስለኪው» አሉኝ። ቀርቤ ክቧን በፊታቸው ልሞላ፤ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን የራስ ማንሻ ዘንግ ወደ ሌንሱ ገፍቼ ልያዝ፤ መለኪያው ያየውን ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ላንሳ። ይህ የሚሠራው አውቶ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ጣትን ያደክማል። ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም እናት ፊት አጥቁሬ አላውቅም።

ኤፍኢ ያላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ መነጽር ታደርጋለች፤ የግራ ዳሩን ቁጥሮች ለማየት አንገቷን ማዘንበል አለባትና በስተመጨረሻ ለወንድሟ ሰጠችው። ሌላው የሥራ ባልደረባዬ ኤፍኢውን ሸጦ 4000 የሚደርሰውን ኤፍኢ2 ገዛ። እዚህ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ፀሐያችን ከባድ ነው፤ ሌንሱን በሰፊው ከፍቶ ቀትር ላይ ለሚያነሳ 1000 አይበቃውም ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ቀትር ላይ አላነሳም።

ጋሼ ለእኔ የሰጡኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሠርጉን ሁሉ ዲጂታል ሲወስደው ነው። ያኔ ፒያሳ ላይ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት አይታጣም ነበር። አሁን አብዛኞቹ ጉርድ ፎቶና ከስልክ የመጣ ምስል ነው የሚያትሙት። አንዱ ዘንድ የሰጠሁት ፊልም ተቃጥሎ ከተመለሰልኝ በኋላ ጥቁርና ነጩን ቤቴ ማጠብ ተማርኩ። ፊልሙን ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲገኝ አስመጣለሁ፤ የአንዱን ጥቅል ሰላሳ ስድስት ቁጥር ወር ከመንፈቅ እጎትተዋለሁ።

መጋቢት 2016 ላይ ግን 19ኙን በአንድ ከሰዓት ነው ያነሳሁት። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደርሶ ዶሮ ማነቂያ ሊፈርስ ቀናት ቀርተውት ነበር። የአያቴ ቤት እዚያ ነው፤ ጋሼም እናቴም የተወለዱበት። ሰው ዕቃ ያወጣል፣ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ መኪና ይጠብቃል። ሁሉም በስልኩ ያነሳ ነበር። ልጆቹ እኔን ከበቡኝ፤ «አሳዪን! አሳዪን!» እያሉ ካሜራውን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጥቁር ክዳንና የካርቶን ቁራጭ ብቻ ነው። አንደኛው «የት ገባን ታዲያ?» አለኝ። ውስጥ ናችሁ፣ ሲታጠብ ትወጣላችሁ አልኩት። «መቼ?» ሲለኝ በሳምንቱ አልኩ።

አሥራ ዘጠነኛው እማማ ናቸው፤ የአያቴ ጎረቤት፣ በራቸው ላይ፣ በነጠላ። ቀረብኩ፣ ፊታቸውን አስለካሁ፣ ያዝኩ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። «ጨርሰሻል? ነይ ቡና ደርሷል» አሉኝ። የሚቀጥለው የአያቴ በር ነበር። ካሜራውን ከወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቡናውን ጠጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ላነሳው አልቻልኩም። ለዚያ ልጅ በሳምንቱ ያልኩት አንጀቴን ሲበላኝ ኖሯል።

ዛሬ ካሜራውን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ባትሪ ልገዛ ብዬ ነበር፤ እሁድ ሆነና የሰዓት ጠጋኙ ዝግ ነው። ጋሼ መደወያውን ዳስሰው አገኙና ኤም90 ላይ አደረጉት። የዚህን ቁጥር ትርጉም አውቅ ነበር፣ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። ኤፍኢ ያለ ባትሪ በአንድ ፍጥነት ብቻ ይሠራል፤ በሰከንድ አንድ ዘጠናኛ። መርፌ የለም፣ አውቶ የለም፤ ስፕሪንጎቹ ብቻ። ጋሼ ሲጫኑት ያ ደረቅ ድምፁ ወጣ። እኔን ነው ያነሱት። ሃያኛው እኔ ነኝ፣ ሶፋው ላይ፣ ኮቴን ሳላወልቅ።

«እንውጣ» አሉኝ።

ከሰፈሩ መፍረስ ወዲህ ፒያሳን በእግራቸው አልረገጡም ነበር። ከጊዮርጊስ ጀምረን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድን። እሳቸው በከዘራቸው፣ እኔ ካሜራውን ይዤ። ብርሃኑን የሚለኩት በዓይናቸው ነበር፤ የሚነግሩኝ የሌንሱን ቀዳዳ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። «400 ፊልም ከሆነ በፀሐይ 22 ብትዘጊውም ይበዛል፤ ጥላ ጥላውን ሂጂ። ጥላ ውስጥ ስምንት።» ትንሽ ሄደን፣ «እዚህ ሰማዩ በሕንፃ ተሸፍኗል፤ አምስት ተኩል አድርጊው።» እየቆሙ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ያዩታል። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። በዘኒቱ ጊዜ መለኪያውን ስለማያምኑት በመዳፋቸው ይገምቱ ነበር አሉኝ። መርፌዋ ሕያው ብትሆን ኖሮ እኔ እሷን ነበር የማየው፤ መዳፋቸውን አላየውም ነበር።

ድሮ ዶሮ ማነቂያ በነበረው በኩል ስናልፍ ብዙ አልተነጋገርንም። በከዘራቸው «በዚህ በኩል ይመስለኛል» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ ሌላ ጠቆሙ። መለያ የሚሆን ነገር የለም። እዚያ አንድ ብቻ አነሳሁ፣ ከዘራውንና መሬቱን። ፖስታ ቤቱ ጋ ሁለት፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው አንበሳ ሥር ጋሼን አራት። አንድ ጥበቃ መጥቶ «ምን እያነሳችሁ ነው?» ሲል ጋሼ «ልጄ አጎቷን» አሉት፤ እሱም ፈቀቅ አለልን። ቡና ቤት ገብተን መስኮቱ ጋ 2 ላይ ከፍቼ የቀረውን ጨረስኩ። 36 ላይ ዘንጓ አልሳብ አለች።

ዲ-76 የተባለው የፊልም ማጠቢያ ከእኩል ውሃ ጋር፣ 20 ዲግሪ፣ 11 ደቂቃ። መድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ ቀርቶኝ ነበር፤ ቀለሙ ስላልተለወጠ ደፈርኩ። ውሃ ዛሬ የእኛ ፈረቃ ስላልሆነ በጀሪካን ባጠራቀምኩት ነው ያጠብኩት። ጣሳውን በየደቂቃው ስገለብጥ የማስበው ስለ 19ኙ ብቻ ነበር። ከዛሬዎቹ አንዱም ባይወጣ አልከፋም፤ ጋሼ አሉ፣ ደግመን እንወጣለን።

አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። ደርቋል።

ወጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ነገር እንደጋረዳቸው ጭጋግ ለብሰዋል፣ ግን አሉ። ከዛሬዎቹ ቡና ቤት ካነሳኋቸው ሦስቱ በጣም ስስ ናቸው፣ ብርሃን አንሷቸዋል። የጥላዎቹ፣ «ስምንት» ያሉት ሁሉ፣ መርፌዋ ከምትለካው የማይተናነሱ ናቸው። ልጆቹ ከ11 እስከ 14 ድረስ አሉ፤ «የት ገባን» ያለው ፊት ለፊት ነው። ነጭና ጥቁሩ ተገለባብጦ በሚታይበት ነጋቲቭ ላይ የእማማ ነጠላ ከሰል መስሏል፣ ፊታቸው ግን በመጠኑ ብርሃን ያሳልፋል። ስልኬን አብርቼ ከጀርባው ያዝኩና በሌላ ስልክ አንስቼ ገለበጥኩት።

ሰዓቱ ቢመሽም ደወልኩላቸው። አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፣ ከመሀል ከተማ ሩቅ። ያን ቀን ያነሳሁዎት ዛሬ ታጠበ አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ፊታቸውም ስለ ነጠላቸውም አልጠየቁኝም።

«በሬ ይታያል?»

«ይታያል እማማ። ቁጥሩም ይነበባል።»

«በይ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው።