ጣት የማያቃጥለውን ነበልባል ፍለጋ

ለንደን የሄድኩት ለቤተሰብ ጉዳይ ቢሆንም፣ አንዲት ቀን ለራሴ ቀንሼ አስቀምጬ ነበር። ስለ ሞተር ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው እሳት በጥንቃቄ የተመረመረበትን ቤት ሳያይ ቢመለስ ጸጸቱ ቀላል አይሆንም። በጠዋት በምድር ውስጥ ባቡር ግሪን ፓርክ ጣቢያ ወረድኩ፤ በፒካዲሊ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ተራምጄ፣ ዶቨር ጎዳናን እንዳለፍኩ ወደ ግራ ታጥፌ አልበማርል ጎዳና ገባሁ። በቁጥር 21 ላይ፣ ፊቱ በረጃጅም ዓምዶች የታጠረው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ቆሟል። የተመሠረተው በ1799 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በዚህ ቤት ሲያስተምር፣ ሊሰማው የሚመጣው ሰው ሠረገላ መንገዱን እየዘጋ ስላስቸገረ፣ ጎዳናው በለንደን የመጀመሪያው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ሆነ ይባላል። የኬሚስትሪ ትምህርት መንገድ የዘጋበት ዘመን መኖሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቀናኝ።

በምድር ቤቱ ባለው ሙዚየም ውስጥ ብዙ የቆምኩት የማዕድን ቆፋሪዎቹ ፋኖስ ዘንድ ነው። በግንቦት 25 ቀን 1812 በሰሜን እንግሊዝ፣ ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎች አልቀዋል። ዴቪ በ1815 መፍትሔ እንዲፈልግ ሲጠየቅ ያገኘው መልስ ከቤታችን ፋኖስ ብዙም የማይለይ ዕቃ ሆነ፤ ልዩነቱ እሳቱን የከበበው ብርጭቆ ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት መሆኑ ነው። የማዕድኑ ጋዝ ሜቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲቀጣጠል የነበልባሉ ግንባር በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሚጓዘውም ከፊቱ ያለውን ቀዝቃዛ ጋዝ በራሱ ሙቀት እያነሣሣ ስለሆነ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ሙቀቱን ይነጥቀውና ይሞታል። ጋዙ በወንፊቱ ሲያልፍ እሳቱ ከውስጥ ይቀራል።

ለተማሪዎቼ ስለ እሳት ስነግራቸው የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ሙቀቱን ከነጠቅኸው ይጠፋል። ዴቪ ራሱ ግን በዚያው ምርምር ላይ ሳለ ለዚህ ሕግ በቀላሉ የማይገዛ ነገር ገጥሞታል። በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሞቀ የፕላቲኒየም ሽቦ በኤተር፣ ማለትም በቀላሉ በሚተንና በሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ ትነት ላይ ሲያንጠለጥል በጨለማ ብቻ የሚታይ ፈዛዛ ብርሃን ማየቱን ገልጿል፤ ብርሃኑ ጣት አያቃጥልም፣ ክብሪትም አይለኩስም ነበር። ዛሬ ቀዝቃዛ ነበልባል ይባላል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ከሰዓት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ጭስ በሚስብ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አንድ የብረት ሳህን ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ጠበቀኝና መብራቱን አጠፋ፤ ከዚያ ኤተር ጠብ አደረገበት። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ከሳህኑ በላይ እንደ ጉም የሚርመሰመስ የገረጣ ሰማያዊ ብርሃን ታየኝ። «ጋሼ፣ ወረቀቱን ያስጠጉበት» አለኝ። አስጠጋሁት፤ አልጠቆረም። መስታወቱን ጥቂት ከፍ ሲያደርገው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ፤ ግማሽ መንገድ የተቃጠለ ነዳጅ የሚተፋው አልዲሃይድ ነው። ብርሃኑም ራሱ የሚመነጨው ከዚሁ ወገን ከሆነው ፎርማልዲሃይድ ነው።

ወደ 2000 ዲግሪ በሚጠጋው በተለመደው እሳት ውስጥ የነዳጁ ሞለኪውል ይበጣጠሳል፤ ሃይድሮጂን አቶም ከኦክሲጅን ጋር እየተጋጨ ራዲካሎችን፣ ማለትም ቃጠሎውን የሚያስቀጥሉ ጎዶሎና ቁጡ ቁርጥራጮችን፣ ያራባል። በ400 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ይህ መንገድ ዝግ ነው። በምትኩ አንድ ሃይድሮጂን የጎደለው ሞለኪውል ኦክሲጅን ይይዛል፤ የተያዘው ኦክሲጅን ከዚያው ሞለኪውል ከሌላ ቦታ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ በተከፈተው ስፍራ ሁለተኛ ኦክሲጅን ይገባል፤ በዚህ መልክ የተሠራው ፔሮክሳይድ ሲሰበር በአንድ ራዲካል ፋንታ ሁለት ሦስት ይወለዳሉ። ሙቀቱ ሲጨምር ግን መጀመሪያ የተያዘው ኦክሲጅን መልሶ ይላቀቃል። ስለዚህ ይህ ነበልባል ሲሞቅ ይደክማል፤ የሚረጋውም በዚሁ ድካሙ ነው። የማዕድኑ ጋዝ ሜቴን አንድ ካርቦን ብቻ ስላለው ከራሱ ሌላ ጫፍ ሊነጥቅ አይችልም፤ ዴቪ ይህን ብርሃን በኤተር ማግኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

መካኒኮቻችን ሳያዩት ድምፁን ያውቁታል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የሚወርድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ቆላው ላይ ሲደርስ ማንኳኳት የሚጀምረው፣ አየሩ ወፍሮ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ነው፤ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ገና ያልደረሰበት የጥግ ጋዝ ሲታመቅ መጀመሪያ በዚህ ቀዝቃዛ መንገድ ያልፍና ድንገት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሞለኪውሉ ቀጥ ያለው ሄፕቴን የተባለ ነዳጅ ለዚህ ፈጣን ስለሆነ፣ ነዳጅ ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ በሚለካበት በኦክቴን መለኪያ ዜሮ ተሰጠው፤ ቅርንጫፋሙ አይሶኦክቴን ደግሞ 100።

ተማሪዬ በጨለማው ውስጥ እንደቆምን ሌላም አወጋኝ። በ2012 ሳይንቲስቶች በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሄፕቴን ጠብታ ሲያቃጥሉ የሚታየው ነበልባል ጠፋ፤ ጠብታው ግን መቃጠሉን ሳያቆም እያነሰ ሄደ። ምድር ላይ የሞቀው ጋዝ ሽቅብ እየተመዘዘ ይህን ዘገምተኛ ኬሚስትሪ ይበትነዋል፤ በጠፈር ግን ጊዜ አገኘ።

መብራቱን መልሶ ሲያበራ ሳህኑ ባዶ መሰለ። ወረቀቱን ደግሜ አስገባሁት፤ አሁንም አልጠቆረም፤ ሽታው ግን እንዳለ ነበር። ተማሪዬ ኤተሩን ዘጋ፣ ሳህኑ እስኪበርድም ቆመን ጠበቅን።