የመስከረሙ ዓሣ የት ገባ?

ቢልጫ የተባለውን የጣና ሐይቅ ዓሣ ብዙ ሰው አጥንቶታል፤ ጥናቱ ግን በየመሳቢያው ቀርቷል። የዓሣ ማራገፊያው ደብተር ባሕር ዳር፣ የመመረቂያው ጽሑፍ አራት ኪሎ፣ የናሙናው ሠንጠረዥ አንድ ተመራማሪ ላፕቶፕ ውስጥ። ለባሕር ሥነ ምህዳር አስተዳደር የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ፤ አዲስ ናሙና ሳይወሰድ፣ የመረጃው ባለቤቶች አብረው ተቀምጠው ያላቸውን ያዋህዳሉ። ለጣናም ይበጃል ብዬ ዘጠኝ ሰው ለአምስት ቀን አራት ኪሎ ጠራሁ።

የመጀመሪያው ቀን ባከነ። ላፕቶፑን የከፈተ የለም። ማታ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ አንጋፋ ባለሙያ፣ “ከዚህ በፊት ሰጥቼ ስሜ ሳይጠራ ታትሞ አገኘሁት” አሉኝ። እዚያው አንድ ገጽ ስምምነት ጻፍን፤ መረጃ የሰጠ ሁሉ ስሙ ይሰፍራል፣ ያልፈቀደው ቁጥር ከክፍሉ አይወጣም። ከግብዣው ጋር ልልከው ይገባ ነበር።

የሁለተኛው ቀን ስህተት ከእኔ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፉትን ደብተሮች በአውሮፓ አቆጣጠር ከተሠራው የተመራማሪዎቹ ሠንጠረዥ ጋር ለማስማማት በእያንዳንዱ ዓመት ላይ 8 ደምሬ ነበር። ለዓመታት ዓሣ ሲመዘግቡ የኖሩ እናት ግራፉን ትኩር ብለው አይተው፣ “ልጄ፣ የመስከረሙ ዓሣ የት ገባ?” አሉኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። የሁለቱን ወሳኝ ወሮች፣ የመስከረምንና የጥቅምትን ዓሣ፣ አንድ ዓመት ወደፊት ገፍቼዋለሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ብዙው የቢልጫ ዝርያ ዕንቁላል ለመጣል ጉማራንና ርብን በመሳሰሉ ወንዞች የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ዘመን መለወጫ እዚህ መካከል ይገባል። የዓመት ድምር ብቻ የያዘ መዝገብ አንዱን የመራቢያ ወቅት ለሁለት ይቆርጠዋል። መረብ የወንዙን አፍ ዘግቶ የሚጎዳቸው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ቢልጫ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በክብደት 75 በመቶ ገደማ መቀነሱ በጥናት ስለታወቀ፣ ይህን ማምታታት ቀላል አይደለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ዕለት መዝገቡ ተመለስን። ዓመቱን ከሐምሌ ጀመርነው። የዓመት ድምር ብቻ የቀረበትን ከወቅት ንጽጽሩ አወጣነው፤ ያዘጋጁት ሰዎች ቅር ቢላቸውም ተስማሙ። የማዝነው መዝጋቢዎቹን መጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻ በመጋበዜ ነው።

እኚያ እናት ሲሄዱ ግራፉን በአማርኛ የወር ስም እንዳትመው ጠየቁኝ። ማራገፊያው ላይ ለአስጋሪዎቹ ሊያሳዩት ነው።